የእትዬ አስካለ ይለፍ

ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሄልሜቱን አውልቆ፣ ሞተር ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ በብሔራዊ ፓርክ በር የሚገባ ሰው ባለሞተር ነው ወይስ እግረኛ?

ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤዋለሁ። አንድ ጠበቃ ሳቀብኝ። የማታ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ «ጥሩ የድርሰት ርዕስ ይወጣዋል» ብላ አለፈችው። የደብራችን ቄስ ደግሞ ጢማቸውን እያሻሹ ጥቂት አሰቡና «በቅሎውን ከኋላው እየሳበ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል?» ብለው ጥያቄውን በጥያቄ መለሱልኝ። እኔ ነገር ካልጠራልኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። የፓርኩን ደንብ በእንግሊዝኛ አነበብኩት፤ ለራሴም ወደ አማርኛ መለስኩት፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና አነበብኩት። መልሱን ዛሬም አላውቀውም።

ጥያቄውን ያመጡብኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ማረፋቸውን የሰማሁት ከሥራ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነበር። የደወለችልኝ ከማኅበራችን ሴቶች አንዷ ናት። «ሙሉ፣ እስቲ ቁጭ በይ» ስትለኝ እንደቆምኩ ገባኝ። ከዚያ እንደ ወጉ ተላቀስን። ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠራረገችና «ምስኪን እትዬ! ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት እንዳሉ፣ ይህን አገር አንድ ቀን ሳያዩት ሄዱ» አለችኝ።

እንባዬ እየወረደ ሳቄ መጣብኝ። ሳል አስመሰልኩት።

ቶሮንቶ ውስጥ፣ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር እንኖር በነበረበት ጊዜ እትዬ አስካለ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ነበሩ። አጠር፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ሳይደገፉ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ለማኅበር ሽንኩርት ሲከተፍ በየትከሻችን ላይ አጎንብሰው አልፈው «ይቺ የከተፈችው ቲቪ እያየች ነው» ይላሉ፤ ተሳስተውም አያውቁ። እኔን ለብቻዬ ይወዱኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፍ ከእጄ አይለይም፣ አፌም ብዙ አይከፈትም። ይህን ሌሎቹ ኩራት ብለውታል። እሳቸው ግን ሊፍት ውስጥ አንድ ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አይተውኝ «አንቺ ልጅ፣ የምታነቢው ራስሽን ዝም ለማሰኘት ነው ወይስ ሌላውን?» አሉኝ። መልስ ስፈልግ ሊፍቱ ደረሰ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ወሬ ሲረዝምባቸው ወይም የማይወዱት ነገር ሲነገር ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና አንጓቸውን ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ይጠመዝዙታል። ደግሞ ይመልሱታል። ደግሞ ይጠመዝዙታል። ማኅበርተኛው ሁሉ ቁርጥማት ነው ብሎ አመነ። አንዷ ቅባት፣ ሌላዋ ጠበል፣ ሌላዋ የዝንጅብል ውሃ አመጣችላቸው። ልጃቸው ዳንኤል ሐኪም ዘንድ ወስዶ ራጅ አስነሳቸው። ሐኪሙ «አጥንቷ እንደ ኮረዳ ነው» አለ አሉ። እትዬ አስካለ ቅባቱንም፣ ጠበሉንም፣ ዝንጅብሉንም እያመሰገኑ ተቀበሉ።

እውነቱን ያወቅኩት ምድር ቤት ባለው የመኪና ማቆሚያ ነው። አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኩ። «ምስጢር ትችያለሽ?» አሉኝ። «እሞክራለሁ» አልኩ። «ሞክረሽ ካቃተሽስ?» አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ታች ይዘውኝ ወረዱ። ከአንዱ ምሰሶ ጀርባ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ጋቢ የለበሰ ነገር ቆሟል። የእሳቸው ጋቢ ነው፤ ጥለቱን ለየሁት።

«ክረምቱን በርዶት ነበር» አሉና ገለጡት።

ቀይ ሞተር ብስክሌት ነው። አርጅቷል፤ ግን እንደ ሙሽራ ተወልውሏል። የሕንፃችን ሱፐር፣ ጥገናውን የሚሠራው ሰውዬ፣ ጡረታ ሲወጣ የተወላቸው ነው። እትዬ አስካለ እጀታውን ያዙ፤ ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ዞረ።

«ቁርጥማቱ!» አልኩ።

«ዝም በይ» አሉኝ። ደስ ብሏቸዋል።

በወጣትነታቸው አገር ቤት፣ በደቡብ በኩል ጤና ረዳት ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሰጥቷቸው ከቀበሌ ቀበሌ እየዞሩ ሕፃናት ይከትቡ ነበር። ያ ዘመን ከከተማ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት የሚጠየቅበት፣ በየመንገዱ ኬላ የሚቆምበት ዘመን ነው። እትዬ አስካለ ኬላን የሚያውቁት ሌላ ሰው ጸሎቱን በሚያውቅበት መጠን ነው። የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። ኬላ ሳትደርሺ ትወርጃለሽ፤ የሰው ደጅ እየጋለቡ አይገባም። ሞተር ታጠፊያለሽ፤ ዘበኛውም ሰው ነው፣ ጆሮ አለው። ራስሽን ትገልጫለሽ። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቂያለሽ። የሚቀመስ ነገር ትይዣለሽ። የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ካልተጠየቅሽ ወረቀትሽን አታወጪም። «ወረቀቱን ቀድሞ የሚያወጣ ሰው ፈርቷል ማለት ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ይፈተሻል» ይሉኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን አንድ ኬላ ላይ አልሠራላቸውም። የእሳቸው ይለፍ የሚያበቃው እዚያ ነበር። ከኬላው ወዲያ ሐይቅ አለ። ቀን ሲጠራ ከኮረብታው ላይ ሆነው ብልጭ ሲል ያዩታል። በሄዱ ቁጥር ዘበኛው ቆሎውን ይቆረጥማል፣ የልጆቹን ጤና ይነግራቸዋል፣ ከዚያ እጁን ወደ መጡበት ይዘረጋና «እህቴ፣ ተመለሺ» ይላቸዋል። እንደተመለሱ ቀሩ። ከዚያ እግራቸው ተሰበረ፤ ትንሹ ዳንኤል እናቱ በቃሬዛ ሲገቡ አይቶ ጩኸቱን አቀለጠው፤ ሞተር ሁለተኛ ላይነኩ አስማላቸው። ቶሮንቶ መጥቶ ባንክ ሠራተኛ ከሆነ በኋላም ያን መሐላ ያስታውሳቸው ነበር።

«ታዲያ መሐላው?» አልኳቸው፤ ነገር ማጥራት ስለምወድ።

«ንስሐ አባቴ ያውቃሉ» አሉ። «ሞተር ላይ የወጣሁ ቀን የሚሰገደውን ስግደት ነግረውኛል። ጉልበቴ እስኪዝል እየሰገድኩ ነው። ለዳንኤል ግን እንዳትነግሪው፤ ልቡ ይቆማል።»

ነገሩ የቸኮለው ዳንኤል ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት ስለገዛ ነው። እናቱ ብቻቸውን እንዲኖሩ አልፈለገም፤ የልጅ ልጅም መጥቷል። መስከረም ላይ ሊወስዳቸው ተስማሙ። «ቤቱ ጋራዥ አለው» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ «ልጄ ግን ጋራዥ ውስጥ ሞተር የሚያይበት ዐይን የለውም። ስለዚህ ከመስከረም በፊት አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። መንገድ የሚያልቅበት ድረስ በራሴ ሞተር ሄጄ፣ ማንም ‹ተመለሺ› ሳይለኝ፣ ሐይቅ ዳር መቆም።»

«ሐይቅ ከሆነማ እዚሁ ከተማ በስትሪትካር ባቡር ይደረሳል» አልኳቸው።

«በር የሌለው ሐይቅ ምኑ ሐይቅ ነው? ኬላ ያለበት ፈልጊልኝ!»

ፈለግኩ። ከቶሮንቶ በሞተር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ፣ መጨረሻው ውሃ የሆነ፣ በር ያለው፣ በሩ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ዘበኛ ያለበት ብሔራዊ ፓርክ ላይብረሪ ውስጥ አገኘሁ። መንጃ ፈቃዱ አላስቸገረንም፤ መመሪያውን እኔ እያነበብኩ እሳቸው በቃላቸው ያዙት፤ ፈታኙም «የት ተማሩ?» ብሎ ጠየቃቸው። ያስቸገረን የፓርኩ የመግቢያ ደንብ ነው። ወጥ ቤታቸው ቁጭ ብለን ቃል በቃል እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው።

«ማንኛውም ተሽከርካሪ የመግቢያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱ በፊተኛው መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል ይለጠፋል።»

«የእኛ መስታወት የለውም።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። በእግራቸው የሚገቡ ጎብኚዎች የተሽከርካሪ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።»

«እሱ አይመለከተንም። ቀጥዪ።»

«ባለሞተሮች ፈቃዱን በሰውነታቸው ላይ ይዘው፣ ሲጠየቁ ያሳያሉ።»

እትዬ አስካለ ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። «እንደገና በይው።»

«ሲጠየቁ ያሳያሉ።»

«አየሽ?» አሉ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «ሲጠየቁ! እዚህም ያውቁታል። ሰው ሁሉ አንድ ነው። በሰውነታቸው ላይ ያለውስ የት ላይ ነው?»

«የት ላይ እንደሆነ አይልም።»

«ኮል አድርጊላቸው።»

ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ «ኪስ ውስጥም ይሆናል» አለችኝ። ኪስ ሰውነት ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት «ይቅርታ?» አለች። እትዬ አስካለ ራሳቸው ፈረዱ። ፈቃዱ በፖስታ ሲመጣ በላስቲክ አስለበጥኩት፤ እሳቸው ጫፉን በስተው ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት። «ከዚህ በላይ በሰውነት ላይ የት አለ?» አሉ።

በነሐሴ አንድ ማለዳ ወጣን። እኔ ከኋላ ነኝ። በቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሻለሁ፣ መጽሐፌን ደረቴ ላይ ታጥቄያለሁ፣ ዐይኔን ጨፍኛለሁ። «ክፈቺ!» ይሉኛል በየመሀሉ። «እሺ!» እያልኩ ጨፍኜ ቆየሁ። ከተማው አልቆ የበቆሎ እርሻው ሲጀምር ከፈትኩት። የእትዬ አስካለ ነጠላ ጫፍ ከጃኬታቸው አምልጦ ፊቴ ላይ ይርገበገባል። አንድ መዝሙር ጀምረዋል፤ ሞተሩ ድምፅ ይቀበላቸዋል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አጠገባችን ሲደርስ አይቶን መለከቱን ነፋ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» አሉት።

የፓርኩ በር ከሩቅ ሲታይ ሞተሩ ቀዘቀዘ፤ ቆመ፤ ጠፋ። «ውረጂ» አሉኝ። ሄልሜታቸውን አውልቀው እጀታው ላይ ሰቀሉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ መግፋት ጀመሩ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ከእኛ በስተኋላ መኪኖች ይንፏቀቃሉ።

በትንሿ የዘበኛ ቤት መስኮት አንድ ባለ ሰፊ ባርኔጣ ጎልማሳ ብቅ አለ።

«ጉድ ሞርኒንግ» አሉት እትዬ አስካለ። «ሃው ኢዝ ዩር ፋሚሊ?»

«ደህና ናቸው... ሞተሩ ተበላሽቶባችሁ ነው?»

«ኖ። ጉድ ሞተር።»

«ታዲያ ለምን ትገፉታላችሁ?»

«ሪስፔክት» አሉት።

ሰውየው እኔን አየ። እኔ መሬቱን አየሁ፤ የሚናገረው አንድ ሰው ነው። እትዬ አስካለ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ በፌስታል አውጥተው ዘረጉለት። እጁን ወደ ኋላ ሰብስቦ ስጦታ መቀበል እንደማይፈቀድለት ነገራቸው። ተረጎምኩላቸው። ፊታቸው ጠቆር አለ። «ቆሎ እምቢ የሚል ዘበኛ አይቼ አላውቅም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ጉዳያችን ከባድ ነው።»

አሁን ልብ በሉ። ሰውየው ፈቃድ አላችሁ ወይ ብሎ አልጠየቀም። ያልጠየቀውም ስንፍና ይዞት አይደለም፤ ከፊቱ ያሉት ሁለት ሴቶች በእግራቸው ቆመዋል፣ እግረኛን ደግሞ የተሽከርካሪ ፈቃድ መጠየቅ ይችል እንደሆነ አላወቀም። እትዬ አስካለ ፈቃዱ አንገታቸው ላይ አለ፤ አልተጠየቁምና አያወጡትም። ደንቡን ሁለቱም በትክክል ያከብራሉ። ሁለቱም ፈገግ ብለው ይተያያሉ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩንባ ጀመሩ።

ሰውየው ስልክ አነሳ። የእሱን ወገን ብቻ እሰማለሁ። «አይ፣ አልተቀመጡበትም... አዎ፣ ሁለቱም ቆመዋል... ሞተሩ ጠፍቷል... ለአክብሮት ነው ይላሉ... ፈረስ? አይደለም፣ ፈረስ አላልኩም! ሞተር ነው ያልኩህ!» ስልኩን ዘጋ፤ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ። ከዚያ በጣም በትሕትና ፈረደ። እግረኞች ከሆናችሁ ሞተሩ አይገባም። ባለሞተሮች ብትሆኑ ኖሮ ደግሞ አትገፉትም ነበር። እባካችሁ አዙሩትና ውጭ አቁማችሁ በእግራችሁ ግቡ። ይህን እያለ እጁን ወደ መጣንበት ዘረጋ።

እትዬ አስካለ እንግሊዝኛውን ሁሉ አልሰሙትም። የእጁን ግን መተርጎም አላስፈለገኝም። እስከዚያች ደቂቃ ቀኝ እጃቸው እጀታው ላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ሲል ነበር፤ ቆመ። የሞተሩን ራስ ቀስ አድርገው ማዞር ጀመሩ። አንገታቸውን ደፍተው ሲያዞሩ ያ ኮረብታ፣ ያ ከሩቅ ብልጭ የሚል ውሃ፣ እኔ አይቼው የማላውቀው ቦታ፣ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ካናዳ ከገባሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩንባውን ሲያቆም ነው።

«ጠይቃቸው!»

ሰውየው ደነገጠ። «ምን ብዬ?»

«ፈቃድ አለዎት ወይ ብለህ! ደንቡ ‹ሲጠየቁ ያሳያሉ› ነው የሚለው! አልጠየቅካቸውም! እንዴት ያሳዩህ?»

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። «እመቤቴ» አለ፣ «የመግቢያ ፈቃድ አለዎት?»

እትዬ አስካለ ቀና አሉ። አልቸኮሉም። ሞተሩን አቆሙት፤ ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ፤ ከአንገታቸው ማተባቸውን ከነፈቃዱ አውጥተው ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ያዙለት። ክሩ አጭር ስለነበረ ሰውየው ለማንበብ ከመስኮቱ ወጥቶ ጎንበስ አለ። ከጎን ላየው መስቀል የሚሳለም ይመስል ነበር።

«ለምን መጀመሪያ አላሳዩኝም?» አለ ቀና ብሎ።

«ምን አለ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«አልጠየቀኝማ!»

ዳቦ ቆሎውንም ያን ጊዜ በጥርሱ ፈገግ ብሎ ተቀበለ፤ ከደንቡ ጋር እንዴት እንደታረቀ አላውቅም። እትዬ አስካለ ደንበኛ ምርቃት አወረዱለት። ከዚያ «ናው?» አሉና ወደ ኮርቻው ጠቆሙ። «ፕሊስ» አላቸው። በሩን አልፈን ተሳፈርን። ከኋላችን የነበሩት መኪኖች አጨበጨቡልን ወይም ጥሩንባ ነፉብን፤ ከሄልሜት ውስጥ አይለይም።

መንገዱ በዛፎች መካከል ሄደ፣ ሄደ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ውሃ ብቻ ነው። የሚያለቅሱ መስሎኝ መሐረብ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ሞተሩን በአሸዋው ላይ እየገፉ ወሰዱትና የፊት ጎማውን ውሃው ውስጥ አስገቡት። «ይጠጣ» አሉ። «ከጧት ጀምሮ ተሸክሞናል።» እሱ ጠጥቶ እስኪበቃው አጠገቡ ቆመው ማዶውን አዩ። ማዶ አይታይም። «ኬላ የለም» አሉ ዝግ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ደግሞ ለካ ድምፅ አለሽ! ሽንኩርት ስትከትፊ የት ደብቀሽው ነው?» አሉኝ፤ ሳቃቸው ወፎቹን አስነሳ።

ስንመለስ ምድር ቤት ጋቢውን እያለበሱት «ይቺን ነገር ለማንም አትንገሪ» አሉኝ።

«ቢጠይቁኝስ?»

አሰቡበት። «ከተጠየቅሽማ ደንብ ነው። ታሳያለሽ።»

መስከረም ላይ ወደ ዳንኤል ሄዱ። ሞተሩን ለአንድ ጃማይካዊ ጎረቤታችን ሰጡት፤ ጋቢውንም ጭምር። በዓል ሲደርስ እየሄድኩ አያቸው ነበር። ሶፋው ላይ ከልጅ ልጃቸው ጋር ካርቱን እያዩ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ይዞራል፣ ይመለሳል። ዐይን ለዐይን ከተጋጨን ቶሎ ወደ ቲቪው እንዞራለን። ማንም አልጠየቀኝም። ማንስ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ለቅሶው የዳንኤል ቤት ነበር። የማኅበሩ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እኔ በሩ አጠገብ ነኝ። እትዬ አስካለ እየተመሰገኑ ነው። ጨዋ፣ ቤታቸውን የሚወዱ፣ ከደጅ የማይወጡ። በእያንዳንዱ ምስጋና ዳንኤል ይበልጥ ይጎብጣል። በመጨረሻ ከወንዶቹ መካከል ተነስቶ መጥቶ ከጎኔ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዐይኑ አብጧል።

«አንድ ቦታ እንኳን አልወሰድኳትም» አለኝ። «እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አድርሼ እመልሳታለሁ፤ አለቀ። ሁልጊዜ ‹ኔክስት ሰመር› እላታለሁ። የናያግራን ፏፏቴ እንኳን ሳታይ...» ወደ እኔ ዞረ። «ሙሉ፣ ጎረቤቷ ነበርሽ። እባክሽ ንገሪኝ። እማዬ አንድ ቀን፣ ለራሷ ብላ፣ የሆነ ቦታ ሄዳ ታውቃለች?»

የያዝኩትን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሄደዋል» አልኩት።

«የት?»

«መንገዱ የሚያልቅበት ድረስ። ሐይቅ ዳር።»

«ማን ወሰዳት?»

«ማንም አልወሰዳቸውም። እኔን ነው የወሰዱኝ።»

ዳንኤል ትክ ብሎ አየኝ። «በምን?»

ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አንጓዬን ቀስ አድርጌ ወደ ኋላ ጠመዘዝኩት፤ መለስኩት፤ ደግሞ ጠመዘዝኩት።

«ቁርጥማታቸው!» አለች አንዷ ከወዲያ።

ዳንኤል እጄን እያየ ቆየ። ማታ ማታ የእናቱን ሞተር ድምፅ ከሩቅ ለይቶ ወደ በር ይሮጥ የነበረ ልጅ ነው፤ እሳቸው ነግረውኛል። ልቡ ይቆማል ብለውኝ ነበር። አልቆመም። የሚጮህ መሰለኝ፤ ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ለቅሶ ቤት መሆኑን እያሰበ፣ በትከሻው መሳቅ ጀመረ።

«ቀለሙ ምን ነበር?» አለኝ።